ሀዲያ ከሶልያና

እማማ ዘርፌ አንድ ጊዜ የቋጠሩትን የቆሻሻ ከረጢት መልሰው ፈትተው አያውቁም። ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ ውስጥ በሰው ቤት ሲሠሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አሠራራቸው አንድ ነው። የከረጢቱን አፍ ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቋጥራሉ፤ በላዩ ላይ ደግመው ይቋጥራሉ። ከዚያ ወዲያ ውስጡ ያለውን ማንም አያይም። አንድ ጊዜ የአንዲት ማዳም የጆሮ ጌጥ ጠፍቶ “ከረጢቱን ፍቺና ፈልጊ” ቢባሉ፣ “ከፈለግሽ ራስሽ ፍቺው” ብለው ከዚያ ቤት ሥራ ወጥተዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሴት የገዛ የልጅ ልጃቸው የተጣለ ነገር ለቃሚ ስትሆንባቸው ምን ያህል እንደሚቀፋቸው መገመት ነው።

ሶልያና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ሳራ ዴር ግባር በሚባል ሰፈር አሠሪዎቿ ቤት እየኖረች ስለምትሠራ የምትመጣው አርብ ብቻ ነው። ቀሪውን ሳምንት ልጅቷና አያቷ ከመሐል አማን በላይ ባለው ዳገት፣ ለወጥ ቤት የምታገለግል ጓዳ ባላት አንዲት ክፍል አብረው ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ሶልያና በስልክ ላይ ሰዎች ከተጣለ ነገር የቤት ጌጥና ስጦታ ሲሠሩ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ሥር ቦታ ጠፋ። ከታች ከገበያው የወደቀ የእንቁላል ካርቶን፣ ላባው ሳይለቅ። የማርማላታ ጠርሙስ፣ ጉንዳን እንደወረረው። የጠርሙስ ክዳን፣ የአይስክሬም እንጨት፣ አንድ እጁ የወለቀ አሻንጉሊት። እማማ ዘርፌ ቀኑን ሙሉ የሰው እድፍ ሲፍቁ ውለው፣ የራሳቸውን በር ከፍተው ሲገቡ ያው እድፍ አልጋቸው ሥር ተኝቶ ይጠብቃቸዋል።

“ይሄ ምንድነው?”

“የአበባ ማስቀመጫ።”

“ይሄስ?”

“የሻማ ማስቀመጫ። ኮላው አልደረቀም፣ አትንኪው።”

“ይሄ ፀጉር ያለበት?”

“ፀጉር አይደለም እማማ፣ ክር ነው።”

“የሰው ፀጉር ነው። አያለሁ እኮ።”

“እንግዲያው ያንቺ ነው።”

መልስ አያጥራትም። መልስ ሲያጥራት ደግሞ “ቴታ” ትላለች፣ የአረብ ልጆች አያታቸውን እንደሚጠሩት። እሷን ቃል እማማ ዘርፌ አይወዷትም፤ ግን ስትጠራቸው ቁጣቸውን ይተዋሉ፣ ልጅቷም ይህን ታውቃለች። ኮላው ሳንባዋን እንዳይበላው መስኮት ይከፍታሉ፤ ብርዱ እንዳይመታት መልሰው ይዘጋሉ። መቀሱ ዓይኗን እንዳይወጋት ይፈራሉ። በረሮ ጆሮዋ ውስጥ እንዳይገባ ይፈራሉ። ተኝታ ሳለች እጇን አንስተው ያሸታሉ፤ ይሸክካቸዋል፣ ቀስ ብለው ይመልሱታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ሲመለሱ ሶልያና ወለል ላይ ቁጭ ብላ ቀጫጭን የካርቶን ስንጥቆችን አንድ ላይ ይዛ፣ እንደ ክር የተቆረጠ ሰማያዊ ፌስታል ትጠመጥምባቸዋለች። ዙሩ አልያዘላትም። እየተፈታ ጉልበቷ ላይ ይዘረገፋል።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ሰሐን። ለማዳም ሀናን። ሀዲያ።”

ይቺ ቃል በዚያ ቤት ታሪክ አላት። ሀዲያ በአረብኛ ስጦታ ማለት ነው። በአገራችን ግን ሀዲያ ሕዝብ ነው፣ የእማማ ዘርፌ ወገን የከምባታ ጎረቤት። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ ዳቡቅ በሚባለው ሰፈር ማዳም ሀናን ቤት ሥራ በጀመሩበት ቀን፣ ሴትዮዋ አንድ ሻርፕ ይዛ ወጣችና እየሳቀች “ሀዲያ” አለቻቸው። ያኔ አረብኛቸው ገና አልጠነከረም፤ እማማ ዘርፌ ዘራቸውን የጠየቀቻቸው መሰላቸው። “አይደለሁም፣ ከምባታ ነኝ” አሉና ሻርፑን ሳይቀበሉ ወደ ማጀት ገቡ። ማዳም ሀናን ይህንን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ አውርታዋለች።

“ለማዳም ሀናን ሀዲያ ምን ያደርግላታል?” አሉ እማማ ዘርፌ።

ሶልያና ቀና አላለችም። “ቶሎ እንድትፈርምልሽ።”

እማማ ዘርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅ ተኝታለች እየተባለ የሚወራውን ሁሉ ለካ ትሰማለች። የሥራ ፈቃዳቸው፣ ተስሪህ የሚሉት ወረቀት፣ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ከፊላቸው፣ ማለትም በወረቀት የምትጠራላቸው አሠሪ፣ ማዳም ሀናን ናት። በሚመጣው ማክሰኞ አብራቸው ሄዳ ካልፈረመች ወረቀት የለም። ወረቀት ከሌለ፣ መሐል አማን አውቶብስ ተራ ላይ አንድ ፖሊስ “መታወቂያ” ያለ ቀን ነገሩ አለቀ፣ ወደ አገር መባረር ነው። እሳቸውስ ይመለሱ፣ አገራቸው ነው። ይቺ ልጅ ግን ከማን ጋር ታድራለች? እናቷን አሠሪዎቿ ከአርብ በቀር አይለቋትም። ይህን እያሰቡ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

“ካርቶኑ ከየት ነው?” አሉ ድምፃቸው ለስልሶ።

“ከትምህርት ቤት።”

አንዱን ስንጥቅ አንስተው አዩት። ግራጫ ነው፣ ስስ፣ ተጠቅልሎ የኖረ። “የሶፍት ነው አይደል? ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ቱቦ።”

“አዎ። ግን ንጹሕ ነው፣ መምህራችን ናት የሰበሰበችው።” አሁንም ቀና አላለችም።

እማማ ዘርፌ ስንጥቁን መልሰው ጣሉት። የአማን የፍሳሽ ቱቦ ጠባብ ነውና የተጠቀሙበት ሶፍት መጸዳጃው ውስጥ አይጣልም፤ አጠገቡ ባለች ቅርጫት ይጣላል። ከሥራቸው ሁሉ የሚጠሉት እሷን ቅርጫት ነው። ሐማም፣ ማለትም መታጠቢያ ቤት፣ ሲገቡ መጀመሪያ እሷን ሳያዩ ይቋጥራሉ፣ ከዚያ ነው መተንፈስ የሚጀምሩት። ግን ይሄ የትምህርት ቤት ነው፣ መምህሯ ናት የሰበሰበችው፤ ከሶፍቱ መስቀያ ላይ ወስዳው ይሆናል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ከዚያ ደግሞ እጃቸው አላስቀምጥ አላቸው። የከምባታዋ ዱራሜ ልጅ ናቸው፤ ስፌት ከእናታቸው ጉልበት ሥር ነው የለመዱት። ዙር ሲፈታ ቁጭ ብሎ ማየት አይችሉም።

“አምጪው እስቲ። ኮላሽን ወዲያ በይው። አክርማው ሳይረጥብ ይሰፋል እንዴ?”

“አክርማ ምንድነው?”

“ውስጡ የሚገባው ሣር። ያንቺ አክርማ ካርቶን ሆነ እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።”

ከልብስ መስፊያ ሣጥናቸው ወፍራሙን መርፌ አወጡ። ስንጥቆቹን አንድ አንድ እያነሱ እንደ ልማዳቸው በከንፈራቸው ያዙ፤ በምራቃቸው እያለሰለሱ እያጎበጡ ዙሩን ጀመሩ። ሰማያዊውን ፌስታል አጠበቁት፣ በቀይ ፌስታል አቋረጡት፣ ሰሐኑ ጎድጎድ ሲል ደግሞ ነጭ አስገቡበት። ሶልያና አያቷ ካርቶኑን በአፋቸው ይዘው ስታይ አንድ ጊዜ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እማማ ዘርፌ ይህን አይተዋል፤ ትርጉሙ የገባቸው ግን በኋላ ነው።

ሰሐኑ በማግስቱ አለቀ። ሳራ ለአርቧ መጥታ አይታው “እማዬ፣ ይሄ ፌስታል ነው ብሎ ማን ያምናል?” አለች። ሶልያና ጀርባው ላይ በትንሽ ቀይ ስፌት “ሶ” የሚል ፊደል አስገብታበታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ዳቡቅ ሄዱ። ቅዳሜ ትምህርት የለም፤ እማማ ዘርፌም ልጅቷን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ቤት ትተው አያውቁም፤ ስለዚህ ሶልያና ሁልጊዜ አብራቸው ሄዳ ማጀት ትቀመጣለች። ከመሐል ከተማ በሰርቪስ ታክሲ ሄዱ፣ ከወረዱበት ደግሞ በዚያ መኪና እንጂ እግረኛ በማይታይበት መንገድ፣ በግንቦቹ ሥር ወደ ላይ ተጓዙ።

ቤቱ ትርምስ ነበር። የማዳም ሀናን ልጅ ሪም የቤት ውስጥ ማስዋብ ትምህርቷን ጨርሳ ነበርና ሴቶች ተጠርተዋል። ሶልያና ገና ከበር ሰሐኑን ከደብተር ቦርሳዋ አወጣችና ለማዳም ሀናን በሁለት እጇ ሰጠች።

“ሀዲያ” አለች።

ማዳም ሀናን ሰሐኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። “ያ ሰላም። ዘርፌ፣ ይሄ ከእናንተ አገር ነው?”

“ከካርቶን ነው ማዳም” አሉ እማማ ዘርፌ። “ለግድግዳ ነው፣ የሚሰቀል።”

ማዳም ሀናን ግን አልሰማችም፤ ስልኳ ጠርቶ ነበር። “ማክሰኞ በአራት ሰዓት ተዘጋጂ፣ እንሄዳለን” አለች ወደ ላይ እየወጣች። እማማ ዘርፌ ወር ሙሉ ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባለለላቸው።

እስከ ቀትር ሠሩ። ሳሎኑን ወልውለው፣ ብርጭቆውን አሳምረው ማጀት ሲመለሱ ሶልያና በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ኪያር ትበላለች።

“ጎበዝ ልጅ ነሽ” አሉ። በዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። “መምህርሽንም እግዚአብሔር ይባርካት። እንዲህ ያለ ደህና ካርቶን ሰብስባ።”

ሶልያና ማኘክ አቆመች። “እማማ፣ አትቆጪኝም?”

“ምን ሆንሽ?”

“ከትምህርት ቤት አይደለም።”

“ታዲያ ከየት ነው?”

ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። “ከላይ። ከሐማሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ሳትቋጥሪው በፊት እየገባሁ ከቅርጫቱ አወጣሁት። ሲጣል ያሳዝናል። ደርቆ ነበር፣ ብዙው ደርቆ ነበር።”

እማማ ዘርፌ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ስለ ልጅቷ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ስለ ከንፈራቸው ነበር። ሐሙስ ከሰዓት፣ አንድ በአንድ፣ በምራቅ እያለሰለሱ። ወደ ማጠቢያው ሮጡ። አፋቸውን በውኃ፣ ከዚያ በጨው፣ ከዚያ በሎሚ አጠቡ። ክሎሩን አንስተው አሸቱት፣ አስቀመጡት። ምላሳቸውን በፎጣ ጠረጉ። ከሆዳቸው የሚመጣ ነገር ግን አልቀረላቸውም፤ ጀርባቸውን ለልጅቷ ሰጥተው ማጠቢያው ላይ አጎነበሱ።

“ቴታ” አለች ሶልያና ከኋላቸው።

“ዝም በይ። እጅሽን አሳይኝ። ሁለቱንም።” እስከ ክርኗ ድረስ ሊፈላ ጥቂት በቀረው ውኃ አጠቧት። “በቁስል? ቁስል አለሽ? ዓይንሽን አሽተሻል? ሰው የጠረገበትን... እኔ ሳላየው የምቋጥረውን...” አልጨረሱትም። እየተናገሩ ሳለ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። “ሰሐኑ የት ነው?”

“ማዳም ወሰደችው። ቴምር አደረገችበት።”

ሳሎን ሲገቡ ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ሰሐኑ መሐል ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለውዝ የገባበት ቴምር እንደ ክምር ተቆልሎበታል። ማዳም ሀናን የከምባታዋን ወሬ እያወራች ነበር፣ መጨረሻዋ ላይ ደርሳለች። “‘ሀዲያ’ ብላት ‘አይደለሁም’ አለችኝ” ስትል ሴቶቹ ሳቁ። አንደኛዋ፣ ኡም ሩሽዲ የሚሏት መነጽር ያደረገች አሮጊት፣ ቴምር አንስታ ነከሰች። እማማ ዘርፌ የተነከሰውን ቴምር አዩ። በራሳቸው አፍ ውስጥ ነው የተሰማቸው።

“ይሄስ ሰሐን?” አለች ኡም ሩሽዲ እያኘከች። “እንዴት ያለ እጅ ነው። የት አገኘሽው?”

“የሪም ሥራ ነው” አለች ማዳም ሀናን። ዓይኗ አልተርገበገበም። “ከተጣለ ነገር ነው የምትሠራው። ዛሬ በዓለም ላይ ትልቅ ሥራ እሱ ሆኗል።” ሪም ስልኳን እያየች ፈገግ አለች፤ አልካደችም።

እማማ ዘርፌ ጠረጴዛውን ዞረው ማዳም ሀናን ጆሮ አጠገብ አጎነበሱ። በአንድ በኩል ማክሰኞ ነበረች። በሌላ በኩል ግን ሰው እየበላ ነው፤ እሳቸው ባጸዱት ቤት፣ እሳቸው ቆመው እያዩ። ይህን ዝም ካሉ ሃያ ሁለት ዓመት የወለወሉት ሁሉ ለምን ነበር?

“ማዳም፣ ይሄ የሶፍት ቱቦ ነው” አሉ በሹክሹክታ። “ከላይኛው ሐማም ቅርጫት የወጣ ነው። ልጅቷ ሳላውቅ። ቴምሩ ይነሳ።”

ትጮሃለች ብለው ጠብቀው ነበር። በሩ እስኪነቃነቅ ጮሃ “ውጡልኝ” ብትል ይገባታል። እሳቸውም ቢሆኑ ይሉ ነበር። ማዳም ሀናን ግን ከንፈሯ ላይ ያለው ፈገግታ ሳይነቃነቅ፣ “ሌላ ሰው ያውቃል?” አለች።

“ማንም አያውቅም።”

“ኸላስ፣ በቃ። ዝም በይ እንግዲህ።” ሰሐኑን በሁለት እጇ አነሳችና ቀጥሎ ለተቀመጠችው ሴት ዘረጋች። “ብዪ ሐቢብቲ፣ ከመዲና የመጣ ቴምር ነው።”

እማማ ዘርፌ በሕይወታቸው ብዙ የሚቀፍ ነገር አይተዋል። የታመመ ሰው አጥበዋል፣ የተዘጋ ቱቦ በእጃቸው ከፍተዋል፣ በበጋ የተረሳ ሥጋ ከማቀዝቀዣ አውጥተዋል። ያቺ የተዘረጋች እጅ ግን ከሁሉ ባሰችባቸው። ሴትዮዋ ያወቀችውን አውቃ ነው። ጓደኛዋ ናት፣ በስሟ የምትጠራት። እንዲያ እያለች አፏ ላይ ፈገግታ አለ። ከሐማሙ ቅርጫት ይልቅ ያ ፈገግታ ነበር ትንፋሽ የሚያስውጠው።

እጃቸው ቀደማቸው። ሰሐኑን ከማዳም ሀናን እጅ ወሰዱት።

“ይሄ ለምግብ አይደለም” አሉ በአረብኛ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። “የግድግዳ ነው። ሀዲያ ነው። ከሶልያና።”

ሴቶቹ ሳቁ። “ሀዲያ” የምትለዋን ሲሰሙ ወሬዋ የቀጠለች መሰላቸው። ኡም ሩሽዲ ብቻ አልሳቀችም። መነጽሯን ከፍ አድርጋ “ሶልያና ማን ናት?” አለች።

ሶልያና ማጀቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ትምህርት ቤት እንደሚደረገው እጇን አወጣች። እጇ በፈላው ውኃ እስከ ክርኗ ቀልቷል።

“ጀርባው ላይ ስሜ አለ” አለች በጥርት ባለ የአማን አረብኛ። “ሰፍቼዋለሁ። አያቴ ናት ያስተማረችኝ።”

ሪም ስልኳን አስቀመጠች። ማዳም ሀናን ብርጭቆ ታስተካክል ጀመር፤ የሚስተካከል ብርጭቆ ግን አልነበረም። እማማ ዘርፌ ማጀት ገብተው ቴምሩን ከረጢት ውስጥ ደፉ፤ ቋጠሩ፣ ደግመው ቋጠሩ። ሌላ ቴምር በክሪስታል ሰሐን አውጥተው አቀረቡ፣ ጎንበስ ብለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሰሐኑ ከምን እንደተሠራ ግን አልተናገሩም። የኡም ሩሽዲን ሆድ አሁን መረበሽ ምን ይጠቅማታል፣ የበላችውን በልታለች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማዳም ሀናን ማጀት መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም።

“አሳፈርሽኝ” አለች።

“አዎ ማዳም።”

“በገዛ ቤቴ።”

“አዎ።”

“ይቺ ልጅ ሁለተኛ እዚህ ቤት አትገባም።”

“አትገባም” አሉ እማማ ዘርፌ፣ ሳይዘገዩ። “እኔም እንዲያው ልነግርሽ ነበር። እዚህ አላመጣትም።”

ማዳም ሀናን ልመና ነበር የጠበቀችው፤ ስታጣ ግራ ገባት። ማክሰኞን አላነሳችም። እሳቸውም አላነሱም። ሰሐኑን በጋዜጣ ጠቅለው፣ ልጅቷን በእጅ ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

“ማክሰኞ ትመጣለች?” አለች ሶልያና።

“አላውቅም።”

“እኔ ነኝ ያበላሸሁት።”

“ቅርጫቱ ያንቺ ጥፋት ነው። ሌላው አይደለም። አፍሽን አትንኪ።”

እሑድና ሰኞ እማማ ዘርፌ ምግብ አልገባላቸውም፤ ከፍርሃቱም ከከንፈራቸውም የተነሳ። የልጅቷን ልብስ በአንድ ሻንጣ አጣጥፈው አስቀመጡ፣ ምናልባት ብለው። ማክሰኞ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አራት ሰዓት አለፈ። አራት ተኩል ሊሆን ሲል ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ማዳም ሀናን እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሰላምታ አልሰጠቻቸውም። ፈረመች። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ፣ መንገዱን እያየች፣ “ኡም ሩሽዲ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ” አለች። “ለቤቷ መግቢያ እንደዚያ ያለ ትፈልጋለች። ከልጅቷ። ምን ልበላት?”

እማማ ዘርፌ ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ፣ በመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል አስገቡ። ሴትዮዋ የፈረመችው ለእሳቸው ብላ እንዳልሆነ ገባቸው። ከዘርፌ ጋር ብትጣላ ኡም ሩሽዲ ለምን ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱ ደግሞ ከሐማሙ ይጀምራል። ወረቀታቸው ከዚያች ቅርጫት መውጣቱን ሲያስቡ ቦርሳውን ከጭናቸው ገፋ አደረጉ። ግን ወረቀት ወረቀት ነው፣ ልጅቷም ከእሳቸው ጋር ታድራለች።

“ትሠራልሻለች በያት” አሉ። “በንጹሕ ካርቶን።”

የመጀመሪያው ሰሐን ዛሬ የሚገኘው እቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ በክሎር ታጥቦ ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዷል፣ ካርቶኑም አብጦ አንድ ጎኑ ተንጋዷል። ጀርባውን ነው ወደ ውጭ አድርገው የሰቀሉት፣ “ሶ” የምትለዋ ፊደል እንድትታይ። ይጥሉት ዘንድ አንጀታቸው አልቻለም፤ በሥሩ ሲያልፉ ግን እስከ ዛሬ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

በዚያው ሳምንት አርብ፣ ሐበሾቹ ለጸሎት በሚሰበሰቡበት ኅብረት፣ መሪው ወንድም ሚልኪያስ ማስታወቂያ አንብቦ ሲጨርስ እማማ ዘርፌ እጃቸውን አወጡ። ሕዝቡ የጸሎት ርዕስ ሊያቀርቡ መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገ።

“እኅቶች፣ በየምትሠሩበት ቤት ሶፍት ሲያልቅ ቱቦውን አምጡልን” አሉ። “ከመስቀያው ላይ፣ በእጃችሁ ያወጣችሁትን ብቻ። መሬት የነካ አልቀበልም። ቅርጫት የገባ እንዳታመጡብኝ፣ አውቃለሁ።”

“በምን ያውቃሉ እማማ?” አለች ሰላም የምትባለው እኅት ከኋላ፣ ሳቋን አፍና።

እማማ ዘርፌ ከንፈራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

“አውቃለሁ አልኩሽ” አሉና ተቀመጡ።

በሚቀጥለው አርብ ሰላም አንድ ፌስታል ሙሉ ቱቦ ይዛ መጣች። እማማ ዘርፌ ከአዳራሹ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ አንድ በአንድ እያወጡ ያሸቱት ጀመር።